የድመት ልጅ ዓይን አር፦ ከእናት የተቀበለችው፣ መንገድ የቀሰቀሰው

ባለፈው ክረምት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ካለ ወፍጮ ቤት የድመት ልጅ አመጣሁ። ጠባቂው ሽማግሌ ከጆንያ ክምር ሥር ጎትተው አወጧትና «ውሰዳት ልጄ፣ ዓይኗን ምች መትቷት ነው እንጂ ጤነኛ ናት፤ ቤት ስትገባ ይለቃታል» ብለው በካርቶን አድርገው ሰጡኝ። ቀኝ ዓይኗ ጥግ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጠብታ ደርቃ ነበር። በአራተኛው ቀን ማለዳ ካርቶኑን ስከፍት ሁለቱም ዓይኖቿ ተጣብቀዋል። በላይኛውና በታችኛው ቆብ መካከል ቢጫ ቅርፊት ጋግሯል፤ አፍንጫዋ ታፍኖ በአፏ ትተነፍሳለች። ድምፄን ሰምታ ልትመጣ ስትነሣ ከምድጃው ጉልቻ ጋር ተጋጨች።

በጎጃም ድመት ቤት የምትገባው አይጥ ስላለ ነው። ከቢቸና እስከ አዴት ጤፍ በሚታፈስበት አገር ጎተራው ሲሞላ አይጡም ይራባል፤ በከተማውም የእህል መጋዘንና የሱቅ ጓዳ ያለ ድመት አያድርም። ስለዚህ የድመት ልጅ ከጎረቤት፣ ከወፍጮ ቤት፣ ከእህል በረንዳ ትለመናለች። «በትንሽነቷ ከመጣች ቤቱን ትለምዳለች» ስለሚባልም ብዙ ጊዜ ጡት ሳትጥል ትወሰዳለች። አዲሱ ቤት በገባች በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ዓይኗ ማዠት ሲጀምር የሚሰጠው ምክንያት ብርድ፣ ጭስ፣ ምች፣ አንዳንዴም የሰው ዓይን ነው። በአብዛኛው ግን በሽታው አብሯት የመጣ ነው፤ ከእናቷ ተቀብላዋለች፣ ቤት መለወጧ ደግሞ ቀስቅሶታል። የምንገዛው መድኃኒት በምንገምተው ምክንያት ይወሰናልና ይህን ለይቶ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። በተሳሳተ ግምት የተገዛች አንዲት ቱቦ ቅባት ዓይን ስታጠፋ በገዛ ቤቴ አይቻለሁ።

ሽማግሌው «ምች» ማለታቸው ከእውነቱ ብዙም የራቀ አልነበረም። እኛ ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ ሲወጣብን «ምች መታኝ» እንላለን፤ ያን ቁስል የሚያወጣው ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። ድመቶችም የራሳቸው ሄርፒስ አላቸው፤ ወገኑ አንድ ቢሆንም ዝርያው ሌላ ስለሆነ ወደ ሰው አይሻገርም። በአፍንጫ፣ በአፍና በዓይን ይገባል፤ ከ2 እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማስነጠስ፣ እንባና ትኩሳት ይከተላል። ክፉው ጠባዩ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ድመቷ ድና መሮጥ ስትጀምር እርሱ በፊቷ ነርቭ ሥር ተደብቆ ይቀራል፤ ከተያዙት 10 ድመቶች 8ቱ ያህሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሸክመውት ይኖራሉ። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም» የሚለው ተረት ለዚህ ቫይረስ የተነገረ ይመስለኛል፤ ድመቷ በተጨነቀች ቁጥር ከተደበቀበት ይወጣል። መውለድና ማጥባትም ለእርሷ ጭንቀት ነው። ስለዚህ ደህና የምትመስል እናት በወለደች ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ቫይረሱን በምራቋና በአፍንጫዋ ፈሳሽ ታወጣለች፤ ልጆቿን በላሰች ቁጥር ታስተላልፍላቸዋለች።

ታዲያ ወፍጮ ቤት ሳለች ለምን አልወደቀችም? የድመት ልጅ በተወለደችበት ቀን በምትጠባው እንገር የእናቷን የበሽታ መከላከያ ትቀበላለች። ይህ ስንቅ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እያለቀ ይሄዳል፤ የራሷ መከላከያ ደግሞ ገና አልጠናም። እኛ የምንወስዳት እዚያው ክፍተት ላይ ስትደርስ ነው። ጡቱ ይቀርባታል፣ የወንድሞቿ ሙቀት ይቀርባታል፣ በካርቶን ታፍና ባጃጅ ላይ ትወጣለች፣ ማታ ውሻ ይጮህባታል፣ ቀን ልጆች እየተቀባበሉ ያቅፏታል። ጭንቀቱ ያለቻትን መከላከያ ያወርደዋል፤ በቀናት ውስጥ ዓይኗ ይታሰራል። በእኔ እምነት በዚህ ነገር ላይ መለወጥ ያለበት ትልቁ ልማድ ይህ ነው። ግልገሏ ቢያንስ 8 ሳምንት እስኪሞላት ከእናቷ ጋር ትቆይ። በ8 ሳምንቷ የመጣች ድመት ቤት ለመልመድ አልዘገየችም፤ በ5 ሳምንቷ የመጣችው ግን ብዙ ጊዜ ቤቱን ከመልመዷ በፊት ትታመማለች።

ከቫይረሱ ጋር ባክቴሪያ ይደረባል፤ አንዳንዴም ባክቴሪያው ብቻውን ይመጣል። ዋናዎቹ ክላሚዲያና ማይኮፕላዝማ ናቸው። ክላሚዲያ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓይን ይጀምርና በቀናት ውስጥ ሁለተኛውን ይይዛል፤ የቆቡ ውስጠኛ ሥጋ አብጦና ቀልቶ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ማስነጠሱ ግን እምብዛም ነው። ሄርፒስ ብዙ ያስነጥሳል፣ አፍንጫም ያፍናል። ካሊሲ የሚባል ሌላ ቫይረስም አለ፤ ምላስ ላይ ቁስል ስለሚያወጣ ግልገሏ ለሃጯን ታዝረበርባለች። እንዲህ ለያይቼ ብጽፈውም በአንዲት ግልገል ላይ ሁለቱ ሦስቱ ተደርበው መገኘታቸው የተለመደ ነው፤ ሐኪም እንኳን በዓይን ብቻ አይቶ መለየት ይቸግረዋል።

ጭሱም ቢሆን ነጻ አይደለም። የእኛ አገር ድመት መኝታዋ ምድጃ ዳር ነው፤ ኩበትና እርጥብ ባሕር ዛፍ በሚጨስበት ማዕድ ቤት ውስጥ የታመመ ዓይን ይብስበታል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል በርበሬ በሚደርቅበት ወራት ግቢው ራሱ ዓይን ያቃጥላል። የጭስና የበርበሬ እንባ ግን እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ከሁለቱም ዓይን ይወርዳል፣ ግልገሏ ንጹሕ አየር ያለበት ክፍል ስትወሰድም ይቀንሳል። ቢጫና አረንጓዴ መግል ከታየ ግን ከጭሱ ሌላ ምክንያት መፈለግ ያስፈልጋል። አንድ ዓይን ብቻ በድንገት ተከድኖ ሌላው ጤነኛ ከሆነ ደግሞ የገብስ ስንጥር፣ የጭድ ብናኝ ወይም የሌላ ድመት ጥፍር ይጠረጠራል።

ሰው ሁሉ የሚያየው የመግሉን ቀለም ነው። እኔ አስቀድሜ የማየው ሕመሙን ነው። ዓይኗን ጨፍና የምትይዝ፣ ከብርሃን የምትሸሽ፣ በእግሯ የምትፈትግ ግልገል ቁስሉ ወደ ኮርኒያ ሳይገባባት አይቀርም። ኮርኒያ ማለት ከዓይን ፊት ያለው መስታወት መሳይ ሽፋን ነው፤ በድመት ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ ሰማያዊ ወይም ነጭ ጉም መሳይ ነገር ካዩ ቀጠሮ የሚሰጠው ነገር አይደለም፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ሊያያት ይገባል። ሐኪሙ በሰው ዓይን ሕክምናም የተለመደውን ፍሎረሲን የሚባል ቀለም ጠብ ሲያደርግበት ቁስል ያለበት ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። ምርመራው ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል፤ ቀጥሎ የሚታዘዘው መድኃኒት ሁሉ በእርሱ ይወሰናል።

አንድ ነገር ልጨምር። የድመት ልጅ ዓይን የሚከፈተው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ገና ባልተከፈተ ዓይን ቆብ ሥር እብጠት ከታየ መግል ታስሯል ማለት ነው፤ መውጫ ካላገኘ ዓይኑን ከውስጥ ይበላዋል። ይህንንም ማሳደር አይገባም።

የእኔዋን ያን ዕለት እንዲህ አደረግኳት። ውሃ አፍልቼ፣ በክንዴ ቆዳ ላይ ለብ ሲል እስኪሰማኝ አቀዘቀዝኩት። በአሮጌ ነጠላ እንደ ሕፃን ጠቅልዬ ጭንቅላቷን ብቻ አስቀረሁ፤ እግሯ ነጻ ከሆነ ጥፍሯ የእኔን እጅም የእርሷን ዓይንም አይምርም። በውሃው የራሰ ጥጥ በተዘጋው ዓይን ላይ አስቀምጬ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያዝኩ። ቅርፊቱን በጥፍር መላጥ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ከጸጉሩና ከቆዳው ጋር ይነሣል። ጥጡን ሦስቴ ስለውጥ ቅርፊቱ ራሱ ለሰለሰና ቆቡ ተላቀቀ። ከውስጥ እንደተመታ አብሽ የሚዝለገለግ ቢጫ መግል ወጣ። ሥሩ ያበጠ ቀይ ሥጋ አለ፤ ከአፍንጫዋ በኩል የሚመጣው ሦስተኛው የድመት ቆብ የዓይኗን እኩሌታ ሸፍኖታል። ከዚያ ወዲያ ግን ጥቁሩ ብሌን ጥርት ብሎ ታየኝ፤ ጉም የለበትም። ለሁለተኛው ዓይን ሌላ ጥጥ ወሰድኩ፤ አንዱን ዓይን የነካ ጥጥ ሌላውን መንካት የለበትም። ይህን በቀን ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ደጋገምኩ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ኖርማል ሳላይን የሚባለው ንጹሕ የጨው ውሃ ከተገኘም ያው ነው። ወተት፣ ሻይ፣ ሎሚ ወይም የተጨመቀ ዳማከሴ ዓይን ውስጥ ማፍሰስ ግን የቆሰለን ኮርኒያ ይብስ ያቆስለዋል፤ ወተቱ ደግሞ ለባክቴሪያ ቀለብ ይሆናል።

አፍንጫዋንም አብሬ ጠረግሁ፤ ምክንያት አለው። ድመት ያልሸተታትን አትበላም። ብዙ ግልገል የሚሞተው ዓይኑ ስለታመመ ሳይሆን አፍንጫው ታፍኖ ምግብ በመተዉ ነው። ለአንድ ቀን ያህል ያልበላችና ያልጠጣች ትንሽ ግልገል አደጋ ላይ ናት። ለብ ያለ የሥጋ መረቅ፣ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል፣ ትንሽ የሰርዲን ዓሣ ሽታቸው ያነሣሳል። የወጥ ፍትፍት ግን አይሰጥም፤ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ትኩሳቷን አይቶ ፓራሲታሞል ከመስጠት ደግሞ እጅን መሰብሰብ ነው። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ማርከሻ የለውም፤ አንዲት የ500 ሚሊግራም ፍሬ ትልቅ ድመት ትገድላለች። ለልጃቸው የሚሰጡትን በርኅራኄ ለግልገሏ አካፍለው በማግስቱ የቀበሯትን ሰዎች አውቃለሁ።

ወደ ቅባቱ እንምጣ። የጎጃም ሰው የዓይን ቅባት ያውቃል። ክልላችን በዓለም ላይ ትራኮማ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ላለፉት 20 ዓመታት ገደማ አዚትሮማይሲን በየቀበሌው በዘመቻ ሲታደል ኖሯል፣ ክኒኑን መውሰድ ለማይችሉ ጨቅላ ሕፃናት ደግሞ ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል። ስለዚህ በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ የተጀመረ ቱቦ አይጠፋም። ትራኮማን የሚያመጣው ባክቴሪያ ክላሚዲያ ነው ሲባል የሰሙ ሰዎች «ድመቷ ልጆቹን ትራኮማ ታስይዛለች» ብለው ይሰጋሉ። አታስይዝም። የሰው ትራኮማ በሰው እጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ነው፤ የድመቷ ክላሚዲያ ሌላ ዝርያ ነው። ይህኛው አልፎ አልፎ የሰው ዓይን ሊያቀላ ስለሚችል ግን እጅን በሳሙና መታጠብ ግድ ነው፤ ልጆችም እስክትድን ፊታቸውን ከፊቷ ያርቁ።

አንድ ፐርሰንት ቴትራሳይክሊን ለድመት ዓይን ክላሚዲያና ማይኮፕላዝማም ይሠራል። በቀን ሦስት አራቴ፣ ከጠረጉ በኋላ፣ የቱቦው ጫፍ ዓይኑን ሳይነካ ይቀባል። ለልጅ የተጀመረውን ቱቦ ለድመት፣ የድመቷን ለልጅ ማድረግ ነውር ነው፤ አዲስ ይገዛ። ሌላው ችግር ክላሚዲያው ዓይን ላይ ብቻ አለመቀመጡ ነው፤ በአፍንጫና በአንጀትም ይኖራል። ቅባቱ ዓይኑን ያጠራና ቱቦው ሲያልቅ በሽታው ይመለሳል። ስለዚህ ሐኪሞች የሚመርጡት በአፍ የሚሰጥ ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ለ4 ሳምንት ያህል፣ ዓይኑ ቢጠራም ሳይቋረጥ። መጠኑን በግምት መስጠት አይቻልም። ለሰው የሚሸጠው እንክብል 100 ሚሊግራም ነው፤ 700 ግራም የምትመዝን ግልገል በቀን የሚያስፈልጋት 7 ሚሊግራም ያህል ነው። ደረቅ ክኒኑ የድመት ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ስለሚያቃጥልም ከኋላው ውሃ ወይም ምግብ መከተል አለበት።

አሁን የመጀመሪያዋን ግልገሌን ታሪክ ልናገር። ከዓመታት በፊት ነው። ዓይኗ ቀላ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ «ለዓይን መቅላት» አልኩ፤ ለማን እንደሆነ አልተጠየቅሁም፣ እኔም አልተናገርኩም። የተሰጠኝ ቱቦ ውስጥ ከጸረ ባክቴሪያው ጋር ዴክሳሜታዞን ነበረበት። በሁለተኛው ቀን ቅላቱ ሲጠፋ ደስ አለኝ፤ በአምስተኛው ቀን መካከሉ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነጭ ጉም ወጣ። ቅባቱ ያነሰ መሰለኝና ጨመርኩ። በስምንተኛው ቀን ዓይኗ ፈሰሰ። ቅንድብ ላሳምር ብሎ ዓይን ማጥፋት የሚባለው በእኔ እጅ ተፈጸመ።

ዴክሳሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ሃይድሮኮርቲዞንና ቤታሜታዞን የእብጠት ማብረጃዎች ናቸው። ዓይኑን ቶሎ ነጭ የሚያደርጉት ሰውነት የሚዋጋበትን መሣሪያ በማስጣል ነው። ሄርፒስ ባለበት ዓይን ላይ ቫይረሱ ያለ ተቃዋሚ ይረባል፣ የኮርኒያ ቁስል ካለም ሽፋኑ እየቀለጠ ይበሳል። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት ሲገዙ «ለድመት ነው» ይበሉ፤ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ሁሉ ያንብቡ፣ እነዚህ ስሞች ካሉበት በፍሎረሲን ሳትመረመር ዓይኗ ውስጥ አይግባ። ለሰው ምች የሚሸጠው አሲክሎቪርም ለድመት አይሆንም፤ በአፍ ሲሰጥ ቫይረሷን እምብዛም አይነካም፣ እርሷን ግን ይመርዛታል። ለጸና ሄርፒስ የእንስሳት ሐኪሞች የሚያዙት ፋምሲክሎቪር የሚባለውን ነው።

ቤት ውስጥ ሌላ ድመት ካለች አዲሷን ለሁለት ሳምንት ያህል በሌላ ክፍል ማቆየት፣ ሳህኗንና ጨርቋን መለየት ያስፈልጋል። ሄርፒስ በአንድ ቀን ገደማ ደርቆ ይሞታል፣ ሳሙናም ያጠፋዋል። ካሊሲ ግን ደረቅ ወለል ላይ ሳምንታት ይቆያል፤ እርሱን የሚገድለው በረኪና ነው፣ አንድ እጅ በረኪና ለ32 እጅ ውሃ ተበጥብጦ።

ክትባት አለ። ሄርፒስን፣ ካሊሲንና ፓንሉኮፔኒያ የሚባለውን ገዳይ የድመት ተቅማጥ በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት ከ6 ወይም ከ8 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየ3 እና 4 ሳምንቱ፣ እስከ 16 ሳምንት ይደጋገማል። ሄርፒስን ፈጽሞ አያግድም፤ ሕመሙን ግን በጣም ያቀለዋል። የእኛ ችግር ማግኘቱ ነው። የእንስሳት ጤና አገልግሎታችን የተሠራው ለበሬ፣ ለላም፣ ለበግና ለዶሮ ነው፤ ገበሬው የሚኖረው በእነርሱ ስለሆነ አይፈረድበትም። ነገር ግን ድመት ይዞ የሚመጣን ሰው ስቆ የሚመልስ የወረዳ ክሊኒክ እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። ጎተራ የምትጠብቅ ድመት ዓይኗ ከጠፋ አይጥ አትይዝም፤ የገበሬው ጉዳይ ነው። ዓይን ለመመርመር የሚበቃው የእጅ ባትሪና ፍሎረሲን የተነከረበት ወረቀት በየክሊኒኩ ቢቀመጥ ወጪው ትንሽ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ከማርቆስ ተነሥቶ ግልገል ድመት ይዞ እዚያ መድረስ ለብዙዎቻችን የሚቻል አልሆነም። እስከዚያ ድረስ በቅርብ ያለውን የእንስሳት ሐኪም «ኮርኒያዋን እዩልኝ» ብሎ በስም ጠርቶ መጠየቅ ያግዛል፤ እኔ እንዲያ ስል ሐኪሙ መሣቁን ትቶ ባትሪውን አነሣ።

የወፍጮ ቤቷ ግልገል በዘጠነኛው ቀን ሁለቱንም ዓይኖቿን ገልጣ ከጆንያው ላይ ስትወርድ አየኋት። ዶክሲሳይክሊኑን 4 ሳምንት ጨረሰች። አሁን የዓመት ልጅ ልትሆን ነው፤ ጓዳው ውስጥ አይጥ የለም። ብርዱ ሲጠና ወይም ለዝክር እንግዳ ቤቱን ሲሞላው ቀኝ ዓይኗ ለሦስት አራት ቀን ያነባል። ያኔ ውሃ አፈላና ጥጡን አወጣለሁ፤ ነጠላውን ስታይ ራሷ መጥታ ጭኔ ላይ ትወጣለች።